አልዞር ያለ ሞተርና አልነሣ ያለ ሞተር

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ስለ ሕግ፣ ስለ ድርሰት፣ ስለ አገር አስተዳደር ብዙ ተነግሯል። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ከነዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ሞተር ቢስክሌት ቆሞ እምቢ ሲል ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ነገር ግን ትንሽ ነው ከማለት በፊት ለማን ትንሽ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ከተማ ተቀምጦ ታክሲ ለሚሳፈር ሰው በእርግጥ ትንሽ ነው። በገበያ ቀን ሰውና ዕቃ እያመላለሰ እናቱንና ታናናሾቹን ለሚያሳድር የውጫሌ ልጅ ግን ሞተሩ የቆመ ዕለት የቤቱ እንጀራ ቆመ ማለት ነው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን ውጫሌ ሰንብተን ነበር። ከተማዪቱ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሐይቅን አልፎ የምትገኝ ስትሆን የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ ናት። በመንገዱ ዳር ከሚገኝ አንድ አነስተኛ ጋራዥ ደጅ እየተቀመጥን የሚመጣውን ሞተር ሁሉ አየን፤ ምን ታመመ ተብሎ እንደ መጣና በመጨረሻ ምን ሆኖ እንደ ተገኘ በደብተር ጻፍን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው።

ውጫሌ የሚለውን ስም የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከኢጣሊያው መልክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉት በዚያው አገር፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። የ17ኛው አንቀጽ ነገር የታወቀ ስለ ሆነ አናረዝመውም። በአማርኛው ቢፈልጉ ይችላሉ የሚለው ቃል በኢጣሊያንኛው የግዴታ መልክ ይዞ ተገኘና ሁለቱን መንግሥታት አጣላ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በጦርነት ተፈታ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሻረ።

ይህን ያነሣነው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። እዚያው ውጫሌ በሞተር ላይ የሚደርሰው ኪሳራ አብዛኛው አንድን ቃል ሁለት ሰዎች ለየብቻ ከመረዳታቸው የሚመጣ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ባለ ሞተሩ ጋራዥ መጥቶ «እምቢ አለኝ» ይላል። መካኒኩም ሰምቶ መፍቻውን ያነሣል። ሁለቱም ገና ስለ አንድ ነገር አልተነጋገሩም። እምቢታው ሁለት ዐይነት ነውና።

(በነገራችን ላይ ውሉ ቢሻርም ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ቢዬላ፣ ፎሌ፣ ሁሉም የኢጣሊያን ቃል ነው። እኛም በዚህ ንግግር ጋራዡ የሚናገረውን እንናገራለን እንጂ ለካንዴላ አዲስ አማርኛ ለመፍጠር አልተነሣንም።)

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ኦቶ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1876 የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። በ1885 ዳይምለርና ማይባኽ እንዲህ ያለውን ሞተር አሳንሰው ከእንጨት በተሠራ ቢስክሌት መሰል ነገር ላይ አስቀመጡት፤ ሞተር ቢስክሌት ከዚያ ይወለዳል። ፒስቶኑ መጀመሪያ ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ይጨምቃል፤ ካንዴላው ሲተኩስ የተጨመቀው ተቃጥሎ ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ እንደገና ሲወጣ ጢሱን ያስወጣል። ከአራቱ ምቶች ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ጉልበት በዪዎች ናቸው። ያውም ሰጪው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ የቆመ ሞተር በራሱ ሊነሣ አይችልም። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ሌላ ሊያዞርለት ይገባል፤ ይህም ወይ የሰው እግር ነው፣ ወይ ከባትሪ የሚሠራው ሞተሪኖ ነው። ብድር እንደ ማለት ነው። ብድሩን ተቀብሎ ከነደደ በኋላ ራሱን ይችላል።

እንግዲህ አንደኛው ሕመም ብድሩን አለመቀበል ነው፤ ፔዳሉ ይመታል፣ ውስጡ አይዞርም። ሁለተኛው ሕመም ዞሮ አለመንደድ ነው። ካንዴላ መለወጥ፣ ካርቡራቶር ማጠብ፣ ቤንዚን መቀየር የሁለተኛው መድኃኒት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ደግሞም ሞተር መክፈት የብዙው አልዞር ባይ መድኃኒት አይደለም፤ የጥቂቱ ብቻ ነው። ያለ አስፈላጊነቱ የተከፈተ ሞተር ጓርኒሲዮኑ ይቀደዳል፣ አቧራ ይገባዋል፣ ለዕቃ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይላካል። ባለቤቱ ያን ሳምንት ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ጧት አንድ ጐልማሳ ሞተሩን እየገፋ፣ እናቱም ከኋላው እየተከተሉት ወደ ጋራዡ መጡ። ሌላ ቦታ አሳይተውት ኖሮ «ነክሷል» ተብለዋል፤ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል፣ ተከፍቶ ፒስቶንና ፋሻ መለወጥ አለበት ማለት ነው። የተጠየቁትን ገንዘብ ለመክፈል አንዲት ጊደር ለገበያ እንዳሰቡ እናትዮዋ ነገሩን።

መካኒኩ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ጠየቁ።

«ፔዳሉ ራሱ ነው አልወርድ ያለው፣ ወይስ እየወረደ ነው ዝም የሚለው?»

«ራሱ ነው ጋሼ። ቆሜበት እንኳ አይወርድም።»

«ትናንት እንዴት ቆመ? እየሄደ በራሱ ነው ወይስ አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«እኔ ነኝ። ደኅና ሲሠራ ውሎ ማታ ቤት አግብቼ አጠፋሁት።»

«ቤንዚኑን ዘጋኸው?»

ልጁ ዝም አለ። እናቱ «ኧረ መቼ ዘግቶ ያውቃል!» አሉ።

«አብሽሩ እትዬ፤ ጊደሯ ትቆይ» አሉ መካኒኩ።

ከእነዚህ ጥያቄዎች ምን እንደ ተገኘ እንመልከት። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ደኅና ሠርቶ በእጅ የጠፋ ከሆነ በሙቀት አልተጣበቀም፤ በሙቀት የሚጣበቅ ሞተር እየሄደ ነው የሚቆም። አንድ ሌሊት ደግሞ ለዝገት አይበቃም። ቤንዚኑ ሳይዘጋ አድሯል። ስለዚህ ገና ሳይነካ በሐሳብ የተያዘው አንድ ነገር ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ አለ።

መካኒኩ ማርሹን ፎሌ ላይ አደረጉና የኋላውን ጎማ አንሥተው አሽከረከሩት፤ ዞረ። ካንዴላውን ፈቱ። ሰውን ሁሉ ገለል አድርገው ልጁን ፔዳሉን በእጁ ቀስ አድርጎ እንዲገፋው አዘዙት። ከካንዴላው ቀዳዳ ቤንዚን ፊጭ ብሎ ወጣና ፔዳሉ ያለ ምንም ትግል ወረደ።

የሆነው ይህ ነው። በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑ ሲሞላ የሚንሳፈፍ ዕቃ አለ፤ እርሱ ከፍ ሲል አንዲት መርፌ ወደ ላይ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። በመርፌዋ ሥር ጥቂት አሸዋ ከገባ አትዘጋም። ሰልባትዮው ከላይ ስለ ሆነ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ የማስገቢያው ቫልቮላ ክፍት በሆነበት ቦታ ሞተሩ ቆሞ እንደ ሆነ ሲሊንደሩን ይሞላዋል። አየር ይጨመቃል፤ ፈሳሽ አይጨመቅም። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ድንጋይ እንደ ነካ ያህል ይቆማል። ክረምት ላይ ወንዝ ሲያቋርጥ ውሃ የሳበ ሞተርም እንዲሁ ይሆናል።

አሁን እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል፤ ኪሳራው የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነውና። ፔዳሉ አልወርድ ሲል የተለመደው ነገር ጐበዝ ጠርቶ እላዩ ላይ መዝለል ነው፤ ወይም ማርሽ አስገብቶ በባጃጅ ማስጐተት። በውስጡ ፈሳሽ ያለበት ሞተር እንዲህ ሲደረግ ከሚታጠፉት ዕቃዎች ሁሉ ደካማው ይታጠፋል፤ ያም ፒስቶኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ነው። ቢዬላ ከታጠፈ ጊደሯ በእውነት ትሸጣለች። ስለዚህ አልዞር ባለ ሞተር ላይ ካንዴላው ሳይፈታ ጉልበት መጠቀም ክልክል ነው ብንል አላጋነንም።

የልጁ ሞተር መርፌዋ ታጥባ ተመለሰች። ነገር ግን መካኒኩ ወዲያው አላስነሡትም። የሞተሩን ዘይት በጣታቸው ነክተው አሸተቱ፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። በፋሻዎቹ መካከል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ወርዷል። በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም፤ ስለዚህ ተደፍቶ አዲስ ተሞላ። ሁሉም ሥራ ዘይት መግዣውን ጨምሮ ሰዓት አልፈጀም።

ከዚህ ከደብተራችን በመነሣት የምርመራውን ቅደም ተከተል እንናገር። ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከማይፈታው ወደሚፈታው የሚሄድ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የሞተሩ መሆኑ ይጣራ። ማርሽ ገብቶ የኋላ ፍሬን በጭቃና በዝገት ከያዘ፣ ወይም ካቴናው ከጥርሱ ወጥቶ ከተቀረቀረ ሞተሩ የነከሰ ይመስላል። ማርሹን ፎሌ አድርጎ ጎማውን በእጅ ማዞር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጎማው ካልዞረ ሞተሩን ተዉት፤ ፍሬኑን እዩ።

በባትሪ የሚነሣ ከሆነ ጥሩምባውን ይንፉ፤ ሞተሪኖውን ሲነኩ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ይጠፋ እንደ ሆነ ይዩ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ዐርፎ ሲለካ 12.6 ያህል ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ እንደ ሆነ ይቈጠር። ቀጭ ቀጭ እያለ የማያዞር ብዙውን ጊዜ ባትሪው የደከመ ወይም ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት የያዘ ነው፤ ሽቦው ተፈትቶ ጫፉ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይፋቅና ይጥበቅ። በእግር ሲመታ የሚዞር፣ በሞተሪኖ ግን የማይዞር ሞተር በውስጡ አንዳች በሽታ የለበትም፤ እንዲህ ያለውን «ይከፈት» የሚል መካኒክ ካለ ሰላም ብሎ መሄድ ነው።

ደግሞ ሌላ ዐይነት አለ። ፔዳሉ እንደ ቅቤ ይወርዳል፤ ምንም አይከብድም፤ ሞተሩም አይዞርም። ይህ የነከሰ አይደለም፤ የተገላቢጦሽ ነው። የፔዳሉ ጥርስ ተበልቷል ወይም ስፕሪንጉ ተሰብሯል። ለማረጋገጥ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ይዞ ቁልቁለት መልቀቅ፣ ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑን መተው ነው። በዚህ ከተነሣ ጥፋቱ የፔዳሉ ብቻ ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ በአምባሰል አይጠፋም።

ካንዴላውም ወጥቶ፣ ፎሌም ሆኖ፣ ፈሳሽም ሳይወጣ አሁንም አልዞር ካለ ያን ጊዜ በእርግጥ ተጣብቋል። እዚህም ላይ ግን ጥያቄ አለ፤ ቆሞ ነው የተጣበቀው ወይስ እየሄደ?

ቆሞ የሚጣበቀው በዝገት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ በደሴና በወልድያ መካከል ባለው አገር ላይ ባረፈ ጊዜ ሰው ሞተሩን ያለበት ጥሎ ሄደ፤ አንዳንዱም በጭድ ሥር ቀበረ። ሰላም ሆኖ ሲመለስ ጐማው ፈሷል፣ ቤንዚኑ ሸትቷል፣ ፔዳሉ አይነቃነቅም። ከእነዚህ አንዱን ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ እስካሁን በጓዳው አስቀምጦት ኖሮ እኛ በነበርንበት ሳምንት አመጣው። መካኒኩ ካንዴላውን አውጥተው የሞተር ዘይትና ናፍጣ እኩል ቀላቅለው በቀዳዳው አንድ ሲኒ ያህል አፈሰሱና በጨርቅ ደፈኑት። «ሂድና ከነገ ወዲያ ና» አሉት። ሰውዬው ቅር አለው፤ ዛሬውኑ እንዲመታለት ፈልጎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማርሹን መጨረሻው ላይ አስገብተው የኋላውን ጎማ ወደፊትና ወደኋላ በእጅ ወዝወዝ፣ ወዝወዝ አደረጉት፤ አልሆነም። እንደገና ዘይት ጨምረው አሳደሩት። በአራተኛው ቀን የአንድ ጣት ስፋት ያህል ተነቃነቀ፤ ከዚያ ወዲያ ጎማውን ደጋግሞ መወዝወዝ ብቻ ነበር።

ለምን መጨረሻው ማርሽ ተባለ? በትልቁ ማርሽ የጎማው ዙር ወደ ሞተሩ በቀላሉ ይተላለፋልና ነው፤ በአንደኛ ማርሽ ጎማውን በእጅ ማዞር ከግንብ ጋር መታገል ነው። ለምንስ በመዶሻ አልሆነም? ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለው ዝገት በቀስታ ሲላቀቅ ዱቄት ሆኖ በዘይት ይወጣል፤ በኀይል ሲላቀቅ ግን ፋሻውን ይሰብረዋል፤ ፋሻ ደግሞ እንደ ሸክላ ነው፣ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ሞተሩ ከተላቀቀ በኋላ ካንዴላው ሳይገባ ብዙ ጊዜ መዞር አለበት፤ ውስጡ ያለው ዘይት ይወጣልና ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ይደረግ፣ ፊትም ይራቅ። የቆየው ቤንዚን ይደፋ፤ ዘይቱም ይለወጥ።

እየሄደ የሚጣበቀው ግን ሌላ ነው፤ እርሱ የሙቀትና የዘይት እጦት ነው። ፒስቶኑ አሉሚኒየም፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ግን በብዙዎቹ ብረት ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ስለ ሆነ ዘይት ካልደረሰ ፒስቶኑ አብጦ ግድግዳውን ይነክሳል፤ ነክሷል የሚባለው በእውነት ለዚህኛው ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ሲበርድ አንዳንዴ ራሱን ይለቅቃል። ባለቤቱም ደስ ብሎት ይነዳዋል። ይህ ደስታ ብዙ አይቆይም፤ ፒስቶኑ ተላልጧል፣ ግድግዳው ተቧጭሯል፤ ተከፍቶ መታየት አለበት። እዚህ ላይ «ይከፈት» የሚለው መካኒክ ልክ ነው፤ ስለ ገንዘቡም አይታማም።

ይህ ጥፋት በባለ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ ይበዛል። ባለ ሁለት ምት እንደ ባለ አራቱ ሁሉ ዘይት በሆዱ አይዝም፤ ዘይቱ የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ነው። በገጠር የግብርናና የጤና ሠራተኞች ሲነዷቸው የኖሩት እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉት ለዘይቱ የብቻው ጋን ስላላቸው ሞተሩ ራሱ ይቀላቅላል፤ ባለቤቱ ጋኑ ባዶ እንዳይሆን መጠበቅ ብቻ ነው ያለበት። በቢስክሌት ላይ የሚገጠሙት ትናንሾቹ ግን በእጅ መቀላቀል ይፈልጋሉ። ልኩ በሞተሩ መጽሐፍ የተጻፈው ነው፤ ከ25 አንድ ከተባለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ባለ ብዙ ምክር ሰዎች አንዱን ከሌላው ያምታታሉ። ባለ አራት ምት የነዳ ሰው «ቤንዚን ውስጥ ዘይት አይደረግም» ብሎ ለባለ ሁለት ምቱ ጎረቤቱ ይመክራል፤ ጎረቤቱም ደረቅ ቤንዚን ሞልቶ ዳገት ይጀምራል። ዳገቱን አይጨርሰውም።

የሁለተኛውን ሕመም፣ ማለት ዞሮ አለመንደድን፣ ባጭሩ እንለፈው፤ ስለ እርሱ የሚያውቅ ብዙ ነውና። ከሁሉ በፊት በመሪው ላይ ያለው ማጥፊያ ተዘግቶ እንዳይሆን ይታይ፤ ልጆች ሲጫወቱ ይነኩታል። ቀጥሎ ቤንዚን አለ ወይ? አለ ቢባልም ምን ዐይነት ቤንዚን ነው? ከማደያ ሳይሆን በመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛው ውሃ ወይም ላምባ ሊኖርበት ይችላል። በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድቶ ጥቂት ማቆየት ነው፤ ውሃው ከሥር ይተኛል፣ በዐይን ይታያል። ላምባው ግን በዐይን አይለይም፤ በሽታውና ቶሎ ባለመትነኑ ይታወቃል።

ካንዴላው ወጥቶ ቆቡ ይግባለት፤ ብረቱም ቴስታታውን ነክቶ ፔዳሉ ሲመታ ሰማያዊ ብልጭታ መስጠት አለበት። ይህ ሲደረግ ካንዴላው ከቀዳዳው ይራቅ፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ትነት ይነዳል። ትኩስ ሞተር ላይ ካንዴላ አይፈታ፤ የአሉሚኒየሙ ጥርስ አብሮ ይወጣል። የካንዴላው መልክ ራሱ ይናገራል፤ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፣ እርጥብ ከሆነ ደርሶ አልነደደም፣ ጥላሸት ከለበሰ አየር አንሶታል። ይህ ሦስተኛው በእኛ አገር ልዩ ምክንያት አለው። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ቈላ ላይ በልኩ የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደ ደላንታ ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ ያው ሆኖ አየሩ ያንሰዋል፤ ጢሱ ይጠቁራል፣ ጧት መነሣት ያስቸግራል። ሞተሩ ታሞ አይደለም፤ አገር ለውጦ ነው።

የመጨረሻው ጭመቃ ነው። ካንዴላው በወጣበት ቀዳዳ ላይ አውራ ጣት አስቀምጦ ፔዳሉን ሌላ ሰው ሲመታ ጣትን ፈንቅሎ መጣል አለበት። ካልፈነቀለ ፋሻ ወይም ቫልቮላ ደክሟል። ጥቂት ዘይት በቀዳዳው አፍስሶ እንደገና ሲሞከር ከበረታ ደካማው ፋሻው ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፍኖለታልና።

ይህ ሁሉ ለሞተር ቢስክሌት ብቻ አይደለም። ባጃጅም፣ ከወንዝ ውሃ እየሳበ ሽንኩርት የሚያጠጣው ትንሽ ፓምፕም ያው ነው፤ ፓምፑ በገመድ ይሳባል እንጂ በፔዳል አይመታም። ገመዱ አልሳብ ካለ አንደኛው ሕመም ነው፤ ተስቦ ዝም ካለ ሁለተኛው ነው። ሽንኩርቱ ግን ውሃ ሳያገኝ ብዙ ቀን አይታገሥም፤ ስለዚህ የፓምፑ ባለቤት ከባለ ሞተሩ ይልቅ ለ«ይከፈት» ምክር ፈጥኖ እጁን ይሰጣል። እርሱን በተለይ አስቡት።

የፈተናውን ሁሉ ዕቃ ማኅበሩ ሊያሟላው ይችላል፤ የካንዴላ መፍቻ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ የቮልት መለኪያና ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ነው። በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራቸው ለሚሄዱ አባላት ይህን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ አትመን ለማደል አስበናል። ጽሑፉን ለማረም የሚፈቅዱ መምህራን ካሉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ስማቸውን ቢሰጡን እናመሰግናለን።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አራት ነገር አስቀምጠናል። በዘይት እጦት የተነከሰ አንድ ሲሊንደር አለ፤ ጭረቱ በጣት ይዳሰሳል። ሁለት ካንዴላዎች አሉ፤ ጥቁሩ ከደጋ የመጣ፣ የቡና ክሬም የሚመስለው ደኅና ሲሠራ ከነበረ ሞተር የወጣ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ነው፤ ከሥሩ የተኛውን ውሃ ከኋላ የተቀመጣችሁ እንድታዩት ቀርባችሁ ተመልከቱ። ሲጋራ የያዘ ብቻ እዚያው ይቆይ።